ቴፑ ሲጎትት

የአሮጌዋ መኪናዬ ቴፕ ድምፁ እየጎተተ ሲያስቸግረኝ መካኒኩ፣ «ቴፑ ደህና ነው፤ ባትሪው ነው የደከመው» አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ከሚሴ፣ አባቴ ታላቅ ወንድሜን ከአፈሳ ለማስመለጥ በማግስቱ ንጋት በጭነት መኪናው ወደ አፋር ሊያወርደው ቆርጦ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ለዱዓ ተቀመጠ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከመኪናው ቴፕ መንዙማ ሲፈስ ዋለ። አመሻሹ ላይ የመንዙማው ሸኽ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄደ።

«ሸኹ ደከማቸው» አለች እናቴ።

አባቴ መኪናውን አየት አድርጎ ወደ ዱዓው ተመለሰ። በዱዓ መሀል መንዙማ ማን ያቋርጣል?

ንጋት ላይ ቁልፉን ሲያዞረው መኪናው «ጠቅ» ብቻ አለ። እየገፋን ሳለ ታጣቂዎች ደረሱና ወንድሜን ከጋቢናው አውርደው ወሰዱት። አልተመለሰም።

«ወላሂ ሰምቼው ነበር» ይል ነበር አባቴ እስኪሞት። ምኑን እንደሰማ ያኔ አልገባኝም።

መካኒኩ ባትሪውን ቀይሮ ቴፑን ከፈተው። ድምፁ ኩልል አለ።

«ዝጋው» አልኩት።