ጆሮዋን የነካች ልጅ

ልጄ በአምስት ዓመቷ አንደኛ ክፍል የገባችው በክንዷ ርዝመት ነው። በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሲመዘግብ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ያዘዋል። ከነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል ይባላል። ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። የእኔ ልጅ ቁመቷም ክንዷም የአባቷ ነው።

እኔ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ነበረኝ። ባለቤቴ አጋሮ አካባቢ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስለሚሠራ የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ልጅቷን ቀን ቀን የሚይዙልኝ የጊንጆ ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ፤ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ፣ ከነባር የጅማ ነጋዴዎች የተወለዱ ሙስሊም ሴት። በምዝገባው ቀን የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሲሄዱ እሷንም አስከተሏት። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ተማሪ ሆናለች።»

«ማን?»

«ያቺ ረጅሟ ነቻ። የኔው ጆሮውን ለመንካት ሲታገል እሷ አልፋ ጉንጯን ያዘች። ማሻአላህ።»

«እማማ፣ ገና አምስት ዓመቷ እኮ ነው።»

«ታዲያ መምህሩ መቼ ጠየቀኝ? እጇን አየ፣ ጻፈ።»

በማግስቱ ሄጄ ማስሰረዝ ነበረብኝ። አልሄድኩም። እውነቱን ለመናገር ተመችቶኝ ነበር። እሳቸውን ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ልጅ ተከትለው መሮጥ አይችሉም። ግማሽ ቀን ብትውል ምን ትሆናለች አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ወደ መቶ የሚጠጉ ልጆች ነበሩ። አግዳሚው ስለሞላ የእኔዋ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ሽንት ቤት ለመሄድ እጅ ማውጣት ያስፈልጋል። እጇን ስታወጣ መምህሩ መልስ ያወቀች እየመሰለው «ቆይ፣ ተራሽን ጠብቂ» ይላታል። አንድ ቀን ተራዋ ሳይደርስ አመለጣት። ልጆቹ ሳቁባት። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ከጎረቤቴ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት መጠጣት ተወች። ወተት ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች። ውኃም እንደዚሁ። እንዳትሸና መሆኑ የገባኝ ከንፈሯ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ነው። ያኔ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ዳይሬክተሩ ሄድኩ።

«ልጄን ላስወጣ ነው የመጣሁት። ዕድሜዋ አልደረሰም።»

«እንዴት አልደረሰም? ጆሮዋን ነክታለች።»

የክትባት ካርዷን ሰጠሁት። የተወለደችበት ቀን ተጽፎበታል። አየውና መለሰልኝ።

«እትዬ፣ ካርድ ሰው ነው የሚጽፈው። ክንድ ግን ማንም አይጽፈውም። ደግሞ የተማሪው ቁጥር ለበላይ ተላልፏል። ልጅ ሲያቋርጥ በስብሰባ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ቀበሌው ይጻፍልኝና አሰናብታታለሁ።»

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ «ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ይጻፍልን» አለ። ትምህርት ቤቱ አይጽፍም። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ለእያንዳንዱ መመላለስ ከአለቃዬ ፈቃድ መለመን ነበረብኝ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ወረፋ በያዘው ሰው ፊት እንዲህ አለኝ፤

«ጓድ፣ አሮጊቶች እንኳ ማታ ማታ ፊደል ይቆጥራሉ። አሥራ ሁለተኛ የጨረስሽ ሴት፣ ልጅሽን ከትምህርት ታስቀሪያለሽ?»

ወረፋው ሳቀ።

ልጅቷ እየከሳች ስትሄድ ዳይሬክተሩ ራሱ ሳያዝን አልቀረም። ሰኞ ጠዋት እንደገና እንደሚለካት፣ ካልነካች ስሟን እንደሚሰርዝ ነገረኝ። ጎረቤቴ አብረውን መጡ። መንገድ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ክርንሽን አጠፍ አድርጊ በያት። ማን ያያል?»

«እንዲህ ያለ ነገር አላስተምራትም፣ እማማ።»

«ማስተማሩን ለትምህርት ቤቱ ተይው። ዛሬ አስወጪያት።»

አልነገርኳትም። ዳይሬክተሩ «እስቲ ጆሮሽን ንኪ» ሲላት ዓይኗን ጨፍና፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ ተንጠራራች። ጆሮዋን አልፋ ጉንጯን ያዘች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ እንዳመሰግናት አየችኝ።

«አዩ» አለ ዳይሬክተሩ።

«አንቺና እውነትሽ» አሉ ጎረቤቴ።

እጇን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቷ።»

«ያለ ደብዳቤ?»

«ያለ ደብዳቤ።»

ለሦስት ወር ያህል የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲያከፋፍል የእኔ ስም ከሊቀመንበሩ አልተላለፈም ይባል ነበር። ባለቤቴ ሲመጣ «ትንሽ ብትታገሺ ትለምደው ነበር» አለኝ። ከንፈሯን አላየውም፤ የቡና ለቀማ ወቅት ስለነበር ከወር በላይ ቀርቶ ነው የመጣው፤ ያኔ ድኖ ነበር። ከትምህርት ቤት በወጣች በአራተኛው ቀን ጠዋት ራሷ ውኃ ጠየቀችኝ። ሁለት ኩባያ ጠጣች።

ሰባት ሲሞላት እኔው ወሰድኳት። «ጆሮሽን ንኪ» ያላት የለም፤ ከተሰለፉት ሁሉ ትረዝም ነበር። መዝጋቢው ግን የድሮውን መዝገብ ገለጠና ስሟን አገኘው። «ተመዝግባ አላጠናቀቀችም» ይላል። በአዲሱ መዝገብ ከስሟ ፊት ለፊት «ደጋሚ» ብሎ ጻፈ። ምንም እንዳልደገመች ለማስረዳት ሞከርኩ። ከኋላዬ ሰው ስለበዛ «ይቀጥል» አለ።

በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። ካርዷ ላይ ከደረጃዋ በላይ ደጋሚ ይላል። ባለቤቴ «ደጋሚ ከሆነችማ ሦስተኛ መውጣቷ ምን ይገርማል» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ቃሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ካርዱን ይዤ ሄድኩ። የድሮው ዳይሬክተር ተዛውሮ በሌላ ተተክቷል። አዲሱ ትሑት ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጥቶ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ይህን ያህል አይክበድዎት፣ እትዬ» አለ። «አንደኛ ክፍል የሚደግም ልጅ ብዙ ነው።»