ታማኝ ተቃዋሚ

የመማሪያ መጽሐፌ ሽፋን የእንግሊዝ ፖለቲካ መግቢያ ነው ይላል። ስድስት መቶ ገጽ። መግቢያው ይሄን ካከለ ሳሎኑ ምን ሊያክል ነው ጎበዝ! ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ደግሞ እንግሊዞች በአንድ ሰነድ የተጻፈ ሕገ መንግሥት የላቸውም ይላል። ያን ሁሉ የጻፉት እንግዲህ ስላልተጻፈው ነው። እኔ ሞኟ ከምንኖርበት ከዌስተን እስከ ካምፓስ በሁለት አውቶቡስ ተሸክሜው እመላለስ ነበር።

አባባን የከነከናቸው ክብደቱ አልነበረም። በደርግ ጊዜ ተሰደው ቶሮንቶ የገቡ ሰው ናቸው፤ በልጅነቴ ትተውኝ ስለወጡ አንቱ ነው የምላቸው። ስፖንሰር አድርገው ያስመጡኝ ነርስ እንድሆንላቸው ነው። ሽፋኑ ላይ ፖለቲካ የሚለውን ሲያዩ ኮርሱን ነገውኑ ድሮፕ አድርጊ አሉኝ። እኔ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። የእንግሊዝ እኮ ነው፣ ሰው አይነካም አልኳቸው፤ ስለ ውሻ የማወራ ይመስል።

እስቲ አስረጂኝ አሉና፣ አንድ ቅዳሜ ኢቶቢኮ ካለው የመጋዘን ሥራቸው ሲመለሱ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ አዋቂዋ ‹ሻዶው ካቢኔ› የሚለውን ‹የጥላ ካቢኔ› ብዬ ተረጎምኩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በህቡዕ ነው ወይ አሉኝ። ኧረ በቴሌቪዥን ነው አልኩ። የተቃዋሚው ፓርቲ ሰዎች ፓርላማ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው መንግሥትን ሲዘልፉ ይውላሉ፤ መሪያቸውም ለዚሁ ሥራው ደሞዝ የሚቀበለው ከመንግሥት ነው፤ ስማቸውም የንግሥቲቱ ታማኝ ተቃዋሚ ይባላል።

አባባ ከት ብለው ሳቁ። ታማኝ ከሆነ ምኑን ተቃወመ፣ ከተቃወመስ ደሞዝ የሚሰጠው ምን ዓይነት ቂል ነው እያሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ በጣም ደስ አለኝ። ኮርሴ ተረፈች አልኩ በልቤ።

ከዚያ ገጽ ሲገልጡ ምርጫ የተሸነፈ ጠቅላይ ሚኒስትር ፎቶ ላይ ደረሱ። ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ይሄ ሰውዬስ የት ደረሰ?»

«ቤቱ ሄደ» አልኩ።

«በእግሩ?»

«በእግሩ፣ አባባ። ከነሚስቱ።»

ጣታቸውን ከፎቶው ላይ አነሱ። ታናሽ ወንድማቸውን የደርግ ሰዎች ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ከቤት ወስደውት በዚያው እንደቀረ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሳቸው አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። መጽሐፉን ዘግተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን ተማሪ» አሉኝ። «የኛን ግን እኔ እስክሞት እንዳትነኪ።»