መኩሪያ የዘጋው መስኮት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ልናገር ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጾም ጠይቄ ተመልሻለሁ። አባ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከጦጣ ስለሆነ እንዳይስቁብኝ ፈራሁ። እየሳቁ እግዚአብሔር ይፍታሽ ቢሉኝ፣ እሱ መፈታት ይባላል? ስለዚህ አንባቢዬ፣ እርስዎ ይስሙኝ። መሳቅ ያለብዎት ቦታ ላይ ስንደርስ እኔው እነግርዎታለሁ።

ባሌ መኩሪያ እዚሁ ቃሊቲ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ አስተምሯል። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ ነው የተጋባነው። ሳላውን፣ ከርከሮውን፣ ሰጎኑን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስል ተማሪዎቹ ያጨበጭቡለት ነበር። እሱ ራሱ ግን ከጅብ በቀር አንድ የዱር እንስሳ በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። ጅቡንም ያየው አቃቂ ወንዝ ዳር ቆሻሻ ሲለቅም ነው።

የዛሬ አምስት ዓመት ነስሩ የሚባል የቀድሞ ተማሪው ደወለለት። ነስሩ በስምጥ ሸለቆ ካሉት ብሔራዊ ፓርኮች በአንዱ፣ መግቢያው በር ላይ ያለውን ሱቅ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ቋሚ ሠራተኞቹ በክረምት ዕረፍት ስለሚወጡ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔና መኩሪያ ለሁለት ወር እንድንተካቸው ጠየቀን። መኩሪያ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ሻንጣ ፍለጋ አልጋ ሥር ገባ።

ውሃ፣ ብስኩት፣ ባርኔጣና የፓርኩን ካርታ ነበር የምንሸጠው። እሱስ ሲሸጥ አላየሁትም፤ ሲያስተምር ነው ያየሁት። ውሃ ሊገዛ የገባ ሰው ስምጥ ሸለቆ እንዴት እንደተፈጠረ ሰምቶ፣ ውሃውን ረስቶ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ሳላዎቹ መንገዱን ሲያቋርጡ እጄን ይዞ ይጎትተኝና፣ «እኔ እኮ ቀንዱን አሳጥሬ ነበር የምስለው! ስንቱን ልጅ አሳስቻለሁ!» ይላል። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ እንደዚያ ሲፈነድቅ እያየሁ እንደ አዲስ ወደድኩት። ነስሩም ደስታውን አይቶ፣ መኩሪያ ጡረታ ሲወጣ ሁለታችንንም ቋሚ አድርጎ እንደሚወስደን ቃል ገባለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኩሪያ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን የሠራተኛ ክፍል «ቤታችን» ይላት ጀመር።

በሱቁ የኋላ ግድግዳ ላይ «እንስሳትን መመገብ ክልክል ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ። የጻፈው መኩሪያ ነው፤ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ። እኔ ያጠፋሁት እዚያው ጽሑፍ ሥር ነው።

አንድ ቀን የኋላው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ዳቦ ስበላ፣ አንዲት ጦጣ ልጇን ሆዷ ላይ ለጥፋ መጣችና ከውጭ ቁጭ ብላ ታየኝ ጀመር። እኔ የሰፈር ሴት ነኝ። ዓይን እያየኝ ዝም ብዬ መጉረስ አላውቅም። ሳላስበው አፌ «እንብላ» አለ። ለጦጣ! ሰው ቢሆን «ብሉ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ይገላግለኝ ነበር። እሷ ግን እጇን ዘረጋች። እንብላ ብዬ ጠርቼ ባዶ እጇን ልመልሳት? ቆርሼ ሰጠኋት። በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን። እመጫቷ ብዬ ስም አወጣሁላት፤ ከምሳዬ ላይ ድርሻዋን አስቀምጥላት ጀመር። መኩሪያ ይህን አያውቅም።

ለምሳ ስንዘጋ ሥራ ተከፋፍለናል፤ የፊቱ በር የእኔ ነው፣ የኋላው መስኮት የእሱ። መቀርቀሪያው ስለሚከብድ «አንቺ አትድከሚ» ብሎ ነው የወሰደው። ያን ቀንም ዘጋው። አየሁት። መቀርቀሪያውን ገፋ፣ እንደ ልማዱ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገውና ወጣ። እኔ ግን የእመጫቷ ዳቦ መቀነቴ ውስጥ ነበር። እሱ የዘጋውን መቀርቀሪያ በሁለት እጄ ታግዬ ከፈትኩና ሰጠኋት። ወዲያው መኩሪያ ከውጭ፣ «ነይ እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ!» ብሎ ተጣራ። በሩን ቆልፌ ሮጥኩ። መስኮቱን ረሳሁት።

ስንመለስ እመጫቷ ዘመድ አዝማዷን ይዛ ገብታለች። ብስኩቱ አልቋል፣ ካርታው ተቀዳድዷል፣ አንዱ ወጠምሻ ባርኔጣ ደፍቶ መደርደሪያው ላይ ተጎልቷል። አሁን ይሳቁ፣ ፈቅጄልዎታለሁ። ወሬውን ሰምቶ የመጣው ነስሩ ግን አልሳቀም።

«የኋላውን መስኮት የሚዘጋው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ መኩሪያ። «ዘግቼው ነበር... መሰለኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ስዘጋው አይተሽኛል፣ አይደል?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። «ልብ አላልኩም።»

ይኸው ነው ኃጢአቴ። ጦጣዋ አይደለችም፣ መስኮቱም አይደለም። እኔ እንጃ ማለቴ ነው። ምን ይሆን የፈራሁት? ነስሩ አይቆጣኝ፣ መኩሪያ ቢበዛ ዕድሜ ልኩን ቢያሾፍብኝ ነው። ለጦጣ እንብላ ያለች ሴት መባሉ አሳፍሮኝ፣ የገዛ ባሌን በተማሪው ፊት ብቻውን አቆምኩት። እኔ አይቻለሁ። እኔ አይቼ አላየሁም አልኩ።

ነስሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግድ የለም ቲቸር፣ ዕድሜ ነው። እርስዎ እኮ አሁን ዕረፍት ነው የሚያስፈልግዎት» አለው። ቢጮህበት ይሻል ነበር። ክረምቱን ጨረስን፤ የቋሚነቱ ነገር ግን ዳግም አልተነሣም። ስንመለስ መኩሪያ ሳላዎቹን ዞሮ አላየም። ዱከም ስንደርስ፣ «ዘግቼው የነበረ መስሎኝ ነበር እኮ» አለኝ። ብርቱካን ልጬ አጎረስኩት። እውነቱን ሲጠይቀኝ ብርቱካን ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ መኩሪያ ራሱን ማመን ተወ። ሳሪስ ልንሄድ በሩን ቆልፎ፣ ባቡር ጣቢያው ልንደርስ ስንል «ቆይ አንዴ» ይልና ይመለሳል። እጀታውን ሦስት ጊዜ ነቅንቆ ይመጣል፤ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እኔን! ጎረቤቶቻችን ቆሜ ስጠብቀው እያዩ «እንዴት ያለች ታጋሽ ሚስት ናት» ይላሉ። የምወደው ሰው በእኔ ውሸት ምክንያት መንገድ ላይ እየተመላለሰ፣ ምስጋናውን የምቀበለው እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ የእድራችን ሰዎች ጸሐፊ ሁንልን ብለው ለመኑት። በሰፈሩ እንደ እሱ የሚጽፍ የለም፣ እንደ እሱ የሚታመንም የለም። «መስኮት መዝጋት የረሳሁ ሰው ነኝ፤ የሰው አደራ አልይዝም» አላቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ መሬት መሬት አየሁ። ቤት ስንገባ፣ «ሰው ሞቶበት ለሚያለቅስ ቤተሰብ ድንኳን መላክ ብረሳስ?» አለኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። እኔ አሁንም ዝም አልኩ። ለዚህ ለእሑዱ ዝምታዬ ምን ሰበብ ልስጥ? የለኝም።

እስከ መጪው እሑድ አስብበት ብለውታል። አሁን ጫማውን ሊያሠራ አቃቂ በሰቃ ወርዷል፤ ሲመለስ ይህን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል። ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ሳያርም አያልፍም፤ ይህንንም ያርመው።

መኩሪያ፣ እዚህ ከደረስክ ስማኝ። ይቅር በለኝ አልልህም። ቶሎ ይቅር እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ በደግነትህ ማምለጥ አልፈልግም። ያን ቀን የጠየቅከኝን ጥያቄ ብቻ ልመልስልህ። አዎ፣ አይቼሃለሁ። በቀኝ እጅህ መቀርቀሪያውን ገፋህ፣ በመዳፍህ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግከው። መስኮቱን ዘግተኸው ነበር።