የአብዱልበሲጥ የጎማ ቀለበቶች

አብዱልበሲጥ የሰው አፍ የሚፈራ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጫቱን ታቅፎ ከጓደኞቹ ጋር ተጋድሞ ነበር። አይፈራም። ጺሙ የሸበተ፣ የጅቡቲን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር ግን ተሳቢው ጥላ ሥር ምንጣፉን ያነጥፍና ስልኩ ላይ ጌም ይጫወታል። አንድ ትንሽ ሰውዬ ከገደል ገደል የሚዘልበት፣ ዛሬ ልጆች እንኳ ዞር ብለው የማያዩት የድሮ ጌም። ይሳቁበት! እሱ ምን ቸገረው?

ነገሩ የመጣው ከጫት ነው። ያኔ ቃሚ ነበር። አንድ ቀን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወጣ እንዳለ ምርቃናው አናቱ ላይ ወጣና የሌለ ግመል መንገድ ሲያቋርጥ አየ። ፍሬን ረገጠ። ተሳቢው ከአስፋልት ወጥቶ ተገለበጠ፤ የረዳቱ የቢሰጥ እግር ተሰበረ። ቢሰጥ ዛሬም እያነከሰ አብሮት ይሠራል። አንድም ቀን ወቅሶት አያውቅም፤ ይሄ ደግሞ ከወቀሳ የባሰ ነው። አብዱልበሲጥ የዚያን ዕለት ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ፣ "ወላሂ፣ ሁለተኛ አልቅምም" አለ።

መማሉስ ቀላል ነበር። የሚከብደው ወረፋ ነው፤ መኪናው ቆሞ፣ ሙቀቱ አናት እየበሳ፣ እጅ ሥራ ሲፈታ። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ያገለገለች የእጅ ጌም ገዛ፤ እጁም ሥራ አገኘ። ከዚያ የሹፌር ነገር ሆነና ከመሪው ፊት ክሩስኮቱ ላይ ረስቷት ምሳ ገባ። የአፋር ፀሐይ ስክሪኗን ጠብሶ አጠቆረው።

አዋሽ ላይ ስልክ የምትጠግነው ሂያም እያገላበጠች አየቻት።

"እሷስ አልቆላታል፣ ጋሼ። ጌሙ ግን ካርዱ ውስጥ አለ። ስልክዎ ላይ ልጫንልዎት፤ ስልኩ ልክ እንደዚች መጫወቻ ሆኖ ይሠራል። ኢሙሌተር ይሉታል።"

"ቁልፍ የለው፣ በምን ልጫነው?"

"ቁልፎቹ መስታወቱ ላይ በሥዕል ይመጣሉ።"

መጡም። ግን ሸራና ገመድ ሲጎትት የደነደነ አውራ ጣት ልሙጥ መስታወት ላይ ሥዕል በዳሰሳ ያገኛል እንዴ? ሰውዬው ገደል ገባ፤ ደግሞ ገባ። ሌላ ሰው ይተወው ነበር። አብዱልበሲጥ ግን ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ትንንሽ ቀለበቶች ቆረጠና ጎማ በሚለጥፍበት ማስቲሽ በየቁልፉ ዙሪያ አጣበቃቸው። ጣቱ ጎማውን ይዳስሳል፣ መሃሉ ላይ ያርፋል፣ ሰውዬው ይዘላል። ለሚስቁበት መልሱ አንድ ነው፤ "ጌም የሰው እግር ሰብሮ አያውቅም።"

ባለፈው ክረምት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ሰመራ ላይ መኪናው ሁሉ ተሰለፈ። ሹፌሮቹ ጫታቸውን ይዘው በርጫ ተቀመጡ። አብዱልበሲጥ ስልኩን ምንጣፉ ላይ ትቶ የዐስር ሶላት ሊሰግድ ሲሄድ፣ ተገኘ የሚባለው የሁሉ አለቃ ነኝ ባይ ሹፌር ስልኩን አነሳና ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ልጦ አሸዋ ላይ ወረወራቸው። ስልኩን መልሶ፣ አጠገቡ አንድ ዙርባ ጫት አስቀመጠ።

አብዱልበሲጥ ሲመለስ ስልኩ ራቁቱን ጠበቀው።

"ሽበት አውጥተህ እስከ መቼ ዕቃ ዕቃ?" አለው ተገኘ። "ና፣ እንደ ሰው ተቀመጥ። መንገዱ እንደሆነ ዛሬም ነገም አይከፈትም።"

ሳቁ። እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ቢሰጥ ብቻ አልሳቀም፤ መሬት መሬቱን ያያል። የጫቱ ሽታ ሲደርሰው የአብዱልበሲጥ አፍ ምራቅ ሞላ። መደበቅ አያስፈልግም፤ አማረው፣ ክፉኛ አማረው። ጎንበስ ብሎ ዙርባውን አነሳ።

"በቃ፣ ተመለሰ!" ብለው ጮኹ። ቢሰጥ ፊቱን አዞረ።

ዙርባው በሰፊ የከመነዳሪ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ሹፌር ሌላ ማሰሪያ አያውቅም። አብዱልበሲጥ ቋጠሮውን ፈታ። ጎማውን አስቀረና ጫቱን እንዳለ በተገኘ ጭን ላይ በተነው። ከኪሱ ምላጭ አወጣ።

"ቢሰጥ፣ ማስቲሹን አምጣልኝ" አለ።

ቢሰጥ ተነሳ። እያነከሰ፣ ከወትሮው ፈጠን ብሎ፣ ወደ መኪናው ሄደ።