በጋሽ ቢሻው ፊት ላይ የሄደው ጉንዳን

ቦንጋ ውስጥ ጋሽ ውባየሁን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ አሁን ደግሞ ልጃቸው ትሕትና በሰጠቻቸው ስካነር ቤታቸው ቁጭ ብለው የሰፈሩን አሮጌ ፎቶ ሲያሳድጉ ይውላሉ። ታዲያ የእሳቸው ነገር! የተጣመመ ፎቶ ልጥፍ ብሎ እንዲተኛላቸው ክዳኑ ላይ ከማንኪራ የመጣ የማር ጣሳ ይጭኑበታል። ሚስታቸው እትዬ ዙፋን፣ "አንተ ሰውዬ፣ ማርና መብራት ምን አገናኛቸው?" ቢሏቸው፣ "ከማር የሚከብድ ነገር ቤታችን ውስጥ ካለ አምጪ!" ብለው ይቆጣሉ።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው እትዬ በላይነሽ መጡ። የባላቸው የጋሽ ቢሻው አርባ ነገ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ የሚሰቀል ፎቶ ግን የለም። ሟች ካሜራ ሲያዩ ይሸሹ ስለነበር በዕድሜያቸው የተነሱት እትዬ በላይነሽ እንድታድግ ይዘዋት የመጡትን አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው።

ጋሽ ውባየሁ ስካን አደረጉ። ጋሽ ቢሻው ኮምፒዩተሩ ላይ ብቅ ሲሉ አፍንጫቸው ላይ ጥቁር ነጥብ! የስካነሩን መስተዋት ወልውለው ደገሙ። ነጥቡ ግንባር ላይ ወጣ። እንደገና ወለወሉ። አሁን ደግሞ ወርዶ ከረባታቸው ላይ።

"ኧረ ይንቀሳቀሳል!" ብለው እትዬ በላይነሽ ብድግ አሉ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ "ምን ይደንቃል፤ ቢሻው ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር" አሉ።

ጋሽ ውባየሁ መነጽራቸውን አድርገው መስተዋቱ ላይ ተደፉ። ጉንዳን! ያውም ከመስተዋቱ ሥር፣ በውስጥ በኩል። ማሩ በጠርዙ ሾልኮ ገብቷል፤ ጉንዳኖቹም ተከትለው ሰርግ ደግሰዋል። እትዬ ዙፋን ጣሳውን አንስተው እያሳዩዋቸው ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚህስ ስድብ ይሻል ነበር።

ካቻቢቴው ሲወጣ እትዬ በላይነሽ ደነገጡ። "ሊፈቱት ነው? ቢበላሽስ? ነገ ሰው ምን አይቶ ያልቅስ?"

"ጋሽ ቢሻው ጉንዳን ይዘው ከሚሰቀሉ ይሻላል" አሉ ጋሽ ውባየሁ። ሶኬቱን ነቅለው፣ ብሎኖቹን ፈተው፣ ላዩን ከነመስተዋቱ አነሱት። ጉንዳኖቹን ጠረጉ። ማሩን በእርጥብ ጨርቅ ቢያሹት መስተዋቱ ጭራሽ ጉም ለበሰ። በአልኮል ደገሙት። ጠራ ብለው ደስ ሲላቸው የገዛ አውራ ጣታቸው ታትሞበታል። እሱን ሲያጠፉ በወዲያኛው ጫፍ ሌላ! ላብ በላብ ሆኑ። በመጨረሻ እጃቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው ወለወሉና መልሰው ገጠሙት።

ጋሽ ቢሻው ጥርት ብለው ወጡ። እትዬ በላይነሽ ጠጋ ብለው አዩና አፋቸውን ያዙ።

"ወይኔ! ያ ቁልፍ!"

የጥቁሩ ኮት ቁልፍ በነጭ ክር ተሰፍቷል።

"ፎቶ ሊነሳ ሲወጣ ተቻኩዬ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ጥቁር ክር ባጣ፣ 'ማን ያየዋል' አልኩት። ይኸው ነገ አገር ሁሉ ሊያየው! ጋሼ፣ በማርያም፣ አንዷን ጉንዳን እዚህ ጋ ይመልሱልኝ!"

ጋሽ ውባየሁ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ጉንዳን ምን ያደርጋል፤ በኮምፒዩተር አጠቁረዋለሁ" ብለው ማውሱን ያዙ።

እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ያዟቸው። እየሳቁ እንባቸው ወረደ።

"ይተዉት" አሉ። "ያን ኮት እስኪያረጅ ለብሶታል። ክሩን አይቶታል እኮ፤ አንድም ቀን አልተናገረኝም።"