እትዬ ፓምፕ መሪ ስትይዝ

እውነተኛ ስሟን ቤተሰቧና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ያውቁት ይሆናል። የጥንት መኪኖች ማኅበር ውስጥ ግን ከሊቀመንበሩ ጀምሮ በር ላይ እስከሚቆመው ዘበኛ ድረስ «እትዬ ፓምፕ» ነው የሚሏት። እሷም አትቀየምም። «ቢያንስ የምሠራውን ይናገራል፤ ስንቱ ነው ደስታ ተብሎ ሲያለቅስ የሚውለው» ትላለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቷ ነው። አባቷ መካኒክ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአሮጌ ብረት መጣያ ጎማ የሌለው፣ ሞተሩ የዛገ፣ ዶሮ እንቁላል የምትጥልበት የውድድር መኪና አግኝተው እየጎተቱ ግቢያቸው አስገቡት። ከሥራ መልስ ሥሩ ተጋድመው ሲያመሹ ሚስታቸው «ወይ እሱ ወይ እኔ» ብለው እስከ መፎከር ደርሰው ነበር። ደግነቱ ሁለቱም ቀሩላቸው።

ታዲያ ይህ መኪና ረጅም አፍንጫ ያለው፣ ጣሪያ የሌለው፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሚቀመጥበት ሲሆን አንድ ክፉ አመል አለው። የነዳጁ ታንክ ያለው ከኋላ፣ ከሞተሩ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ነዳጁ በገዛ ፈቃዱ ወደ ፊት አይሄድም። በተሳፋሪው በኩል ያለችውን የእጅ ፓምፕ ሰው እየገፋ ካልላከው በቀር ሞተሩ ሳል ሳል ይለውና ቀጥ ይላል። ስለዚህ አንዱ ሲነዳ ሌላው ይገፋል። የሚገፋው ሰው ከፓምፗ በላይ ካለችው የነዳጅ ግፊት መለኪያ ጌጅ ዓይኑን መንቀል የለበትም። መርፌዋ ስትወርድ መግፋት፣ ስትወጣ እጅን መሰብሰብ ነው፤ ከበዛ ደግሞ ሞተሩ በነዳጅ ይታፈናል።

አባትየው ሲያረጁ ሁለት ልጆቻቸውን ጠርተው መሪውን ለወንዱ፣ ፓምፗን ለሴቷ ሰጡ። ታላቋ ሴቷ ናት። ያን ጊዜ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም። አባት ተናገሩ፣ አለቀ።

የእንጀራዋም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ዕድሜዋን በሙሉ በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ሾፌሩ ይነዳል፣ እሷ ትኬት ትቆርጣለች፤ እየቆረጠችም በጎን ታየዋለች። ስንቱን አየች! ፍሪሲዮን የሚያቃጥለውን፣ ኩርባ ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬን የሚይዘውን፣ ማርሽ ሲቀይር ተሳፋሪውን ሁሉ የሚያሰግደውን። በአፏ «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለች በልቧ ግን ትነዳ ነበር። ጡረታ የወጣች ሰሞን፣ ሌላው ጡረተኛ አልጋውን ሲያሞቅ፣ እሷ መንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ገብታ ከልጅ ልጆቿ እኩዮች ጋር ተሰለፈች። በመጀመሪያው ፈተና አለፈች። ባሏ ዳቦ አከፋፋይ ነውና ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የዳቦውን መኪና የምትነዳው እሷ ናት። ባልየው ከጎኗ ተቀምጦ ያንቀላፋል።

የማኅበሩ ጉዞ በወር አንድ እሑድ ነው። ሥርዓት አለው። ከሁሉ ያረጀው መኪና ከፊት ይሄዳል፤ ምንም ቢዘገይ ማንም አይደርበውም። አንዱ ከቆመ ደግሞ ሁሉም ይቆማል፣ ሁሉም ኮፈኖውን ከቦ ያማክራል። አንድ ጊዜ የማኅበሩ አባል የሆነው ፋርማሲስት ቀይ መኪና መንገድ ላይ ቀጥ ቢል ማኅበርተኛው ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር፣ ካርቡሬተሩን ሲፈታ፣ ሻማዎቹን ሲያጸዳ፣ የተፈታውን ዕቃ ሳር ላይ ሲደረድር ዋለ። ነዳጅ ነበር ያለቀው። ፋርማሲስቱ እስከ ዛሬ ይቺ ወሬ ስትነሳ ወደ ሽንት ቤት ይሄዳል።

ጉዞው ሁሉ ግን ለአንድ ቀን መሰናዶ ነው ማለት ይቻላል። በዓመት አንዴ፣ አውሮፕላን ማረፍ ባቆመበት በአሮጌው ማረፊያ ሜዳ ላይ፣ እነዚህ ሽማግሌ መኪኖች ይወዳደራሉ። ሕዝብ ይመጣል፣ ቤተሰብ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ እንደ ሽቶ ይማርካል። እትዬ ፓምፕ ከዚህ ቀን የሚበልጥባት ቀን የላትም።

ዘንድሮ ውድድሩ ሊደርስ ሲል ወንድሟ አንድ ካርቶን ይዞ ቤቷ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«እትዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈነች። ስትገልጥ ጭኗ ላይ የጡጫ ያህል የምትሆን ባለ ሽቦ ዕቃ ተቀምጣለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የኤሌክትሪክ ፓምፕ! ቁልፉን ጫን ካደረግሽው ራሱ ይገፋል። ከዛሬ ጀምሮ ማረፍ ነው እትዬ። ትከሻዬን ያመኛል ስትይ አልነበር?»

«ታዲያ እኔ የት ልቀመጥ?»

«አንቺማ ጥላ ሥር ሆነሽ፣ ሻይሽን እየጠጣሽ፣ እንደ እመቤት ታይኛለሽ! ወንበርሽን እነቅለውና መኪናውም ቀለል ይላል።»

ክፋት ቢሆን ኖሮ መልስ አታጣም ነበር፤ አውቶቡስ ላይ ያደገ ምላስ መቼ ይጠፋዋል። ግን ፍቅር ነበር፤ ወንድሟ ከልቡ አስቦላት ነው። ሆድ ባሳት። ያገኘችው ሰበብ አንድ ብቻ ነበር፤ «ሊቀመንበሩ አይፈቅዱልህም። መኪናው በተሠራበት ዘመን ያልነበረ ነገር አይገባበትም።»

«በቆርቆሮ እሸፍነዋለሁ። ማን ያየዋል?» ብሎ ጉንጯን ስሟት ወጣ።

ባሏ ማታ ራት ላይ አኳኋኗን አየና ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምን ሆነሻል?»

«መንዳት እፈልጋለሁ» አለች፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አንድ ጊዜ። እዚያ ሜዳ ላይ፣ ሰው እያየ። ይኸው ጭራሽ ከመኪናው አስወረደኝ።»

«ታዲያ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ ያለኝ የዳቦ መኪና ነው። ለሱ ንገሪው እንጂ።»

«እሱ ራሱ ማወቅ አልነበረበትም?»

«ሰው ሳይነገረው የሚያውቅ ቢሆንማ እኔ በየዓመቱ የጫማዬን ቁጥር አልነግርሽም ነበር።»

ሳቀች፤ ለወንድሟ ግን አልነገረችውም። እናገራለሁ ስትል ቀኑ ደረሰ።

በውድድሩ ቀን ጥላ ሥር ተቀምጣ ሻይዋን እየጠጣች ነበር፤ ልክ እንደተባለው፣ እንደ እመቤት። ሻዩ ሬት ሬት ይላታል። ባሏ ለማኅበርተኛው ምሳ የሚሆን ዳቦ ከመኪናው ያወርዳል። በሜዳው ጫፍ ሊቀመንበሩ ፍተሻ ላይ ናቸው። ሊቀመንበሩ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ ሥራቸውን ቢተዉም ያችን ባለ እጀታ ትንሽ መስታወት አልተዉም። በየመኪናው ሆድ ውስጥ እያስገቡ የተቦረቦረ ጥርስ እንደሚፈልጉ ሁሉ ያያሉ።

ወንድሟ ዘንድ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ መኪናው ግን «እዝዝዝ» ይላል። ለካስ ቁልፉን ማጥፋት ረስቶታል።

«ይሄ ምን የሚሉት ዜማ ነው?» አሉ።

«ንብ... ንብ ገብቶ ይሆናል ጋሼ።»

ሊቀመንበሩ መስታወታቸውን ከቆርቆሮው ሥር ላክ አደረጉና «ንቡ ሽቦ አለው» አሉ። «ወይ ንቡ ይወጣል፣ ወይ መኪናው ይወጣል።»

የወንድሟ ቆሌ ተገፈፈ። ፋርማሲስቱ እያገዘው ያችን ዕቃ መንቀል ጀመረ። ደግነቱ የአባቱን የእጅ ፓምፕ ለመንቀል እጁ እምቢ ብሎት ስለነበር እንዳለች አለች። ነቅሎ እንደ ጨረሰ እየሮጠ ወደ ጥላው መጣ፤ ላብ በላብ ሆኗል።

«እትዬ፣ ተነሺ! ሊጀመር ነው!»

«ትከሻዬን ያመኛል።»

«እትዬ፣ በናትሽ!»

ሻይዋን አስቀመጠች። አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ታወቃት።

«እገባለሁ» አለች። «ግን በመሪው በኩል።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን አቆመ። «ትቀልጃለሽ?»

«አልቀለድኩም። አባባ ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ ስገፋ ኖርኩ፣ አንድም ቀን አማርሬ አላውቅም። አንድ ቀን መንዳት እፈልጋለሁ። ስመኘው ነው የኖርኩት። እምቢ ካልክ መኪናው ይቆማል፣ እኔም ሻዬን እጨርሳለሁ።»

«ዳቦ ማድረስና ይሄን መንዳት አንድ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ነው የሚደርሰው።»

በድምፅ ማጉያው ተወዳዳሪዎች ወደ መነሻው እንዲቀርቡ ተጠራ። ወንድሟ መኪናውን አየ፣ እሷን አየ፣ ሰማዩንም ጨምሮ አየ። ከዚያ የንፋስ መነጽሩን ከግንባሩ አውልቆ እጇ ላይ አኖረው። «አንድ ጭረት ቢያገኘው...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ችግሩ ወንበሯ ተነቅሎ ቤት መቅረቱ ነው። ባሏ ከዳቦው የእንጨት ሳጥኖች አንዱን አራግፎ በቦታው በገመድ ጠፍሮ አሰረው። ሊቀመንበሩ መጥተው አዩና «የዳቦ ሳጥን በዚያ ዘመን ነበር?» አሉ።

«ዳቦ ነበር» አለ ባልየው። አለፉ።

ባንዲራው ወረደ።

ሜዳው ለካ እንዲህ ሰፊ ነው! የእትዬ ፓምፕ የመጀመሪያ ሐሳብ ይህ ነበር። ከሁለተኛው ኩርባ ጀርባ የዛፍ ረድፍ አለ። እነዚህን ዛፎች ለዓመታት ስታውቃቸው በጌጇ መስታወት ላይ ሽው ብለው እንደሚያልፉ ጥላዎች ነበር፤ አሁን ቅጠላቸውን አየች። ሰዉ ባርኔጣውን ሲያውለበልብ አየች። ከፊቷ ያሉት መኪኖች ጭስ፣ የሾፌሮቹ ማጅራት፣ ሁሉም ነገር ነበረ። ጮክ ብላ ሳቀች፤ ማንም አልሰማትም።

በዚህ መሐል ሞተሩ ሳል አለ።

«ጌጁን!» ብላ ጮኸች።

ወንድሟ ሳጥኑ ላይ ተንጠራርቶ ወደ ፊት ያያል። «ፋርማሲስቱ የት ደረሰ?»

«ጌጁን እይ አልኩህ! ግፋ!»

አንገቱን ደፍቶ ገፋ። መጀመሪያ አበዛው፣ መኪናው ታፈነ፤ ቀጥሎ አሳነሰው፣ መኪናው ሳለ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው የምታዝዝበትን ድምፅ አወጣችና «ተው... ግፋ... ተው!» እያለች አስያዘችው። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከመርፌዋ አልተነሳም፤ ክንዱ ሲደክም በሌላው ክንዱ ይገፋል።

በመጨረሻው ዙር የፋርማሲስቱ ቀይ መኪና ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬን ያዘ። እንዲህ የሚያደርግ ሾፌር ከኩርባው ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጣ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እሷ አስቀድማ ፍሬን ያዘች፣ ማርሽ ቀነሰች፣ በውስጥ በኩል ገባች፣ ነዳጅ ሰጠችና ደርባው አለፈች። ሰዉ ከምንጣፉ ተነሳ። ባሏ ዳቦ በእጁ ይዞ ይዘል ነበር።

አንደኛ አልወጣችም፤ ከፊቷ ብዙ መኪና ነበር። ነገር ግን ማኅበርተኛው በምሳ ሰዓት የሚያወራው ስለ አሸናፊው አልነበረም። ፋርማሲስቱ ራሱ፣ አፍንጫው ላይ ጥላሸት እንደተለጠፈ፣ ወንድሟን ትከሻውን ያዘው።

«አንተ አጠገቧ ነበርክ፤ እስቲ ንገረን። እንዴት አድርጋ ነው በውስጥ በኩል የገባችብኝ?»

ወንድሟ ዳቦውን ገመጠ። «እኔ እንጃ» አለ። «ጌጁን ነበር የማየው።»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። ዳቦውን አስቀምጦ ተነሳና እሷ ወዳለችበት ወደ ሳሩ መጣ። ክንዱን እያሸ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እትዬ። ዋንጫ የበላን ዓመት... ያን በመጨረሻዋ ኩርባ ሦስቱን ያለፍንበትን አይተሽዋል?»

«መርፌዋን አየሁ» አለች። «አንዴም አልወረደችም።»

«ውድድሩንስ?»

ራሷን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀች።

«ከዚያ በፊት ያሉትንስ? አንዱንም?»

«አንተ ማታ ማታ ስታወራ እሰማ ነበር እኮ። ጥሩ ታወራለህ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሊደብቃት ቢሞክርም አየችው። ዛሬ ሁሉን የምታይበት ቀን ነው። የምትለው ነበራት፤ ብዙ ዓመት ያጠራቀመችው። ግን ደስ ብሏት ነበርና ተወችው።

«እንግዲህ አንቺ ንገሪኝ» አለ። «የዛሬውን። ከመነሻው ጀምሪልኝ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። እኔ ምን አየሁ?»

እግሯን ዘረጋች፣ የንፋስ መነጽሩን ጭኗ ላይ አኖረች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ባንዲራ ያዡ ሰውዬ ጫማው ተፈትቶ እንደነበር፣ ከፊታቸው ያለው ሾፌር ማጅራቱ ላይ ፕላስተር እንደነበረው፣ ከዛፎቹ አንዱ ላይ ሁለት ሴቶች ወጥተው እግራቸውን ሲያወዛውዙ እንዳየች ነገረችው። እሱም አገጩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ያዳምጣል።

«ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያማ ፋርማሲስቱ ፍሬን ሲይዝ አየሁት።»