ለዘሃራ ወፍጮ አልፈርምም ያልኩ ዕለት

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የጭቃ ቤት ኮርኒስ ላይ ነበር። ጋሽ ታደሰ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ውጣ አሉኝ። ወጣሁ። አቧራ፣ የአይጥ ቆሻሻና የተጠላለፈ ሽቦ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከታች ሆነው የትኛው ሽቦ መብራት እንዳለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። እስክታውቅ ድረስ ምንም ሳትነካ ቁጭ በል ብለውኝ ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። የደብረ ብርሃን ብርድ ከቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚመስል የተቀመጠበት ያውቀዋል። ሲመለሱ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ያኔ መብራት ያለበትን ሽቦ የሚለየውን ቴስተር አቀበሉኝና ማስተማር ጀመሩ።

ሙያውን ከእሳቸው ነው ያገኘሁት። ቱቦ ማጉበጥ፣ ሽቦ ሳይቆስል መላጥ፣ የማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ያለውን ሽቦ እንደ ፀጉር ማበጠር፣ ሁሉንም። በከተማው ውስጥ እጃቸው ያልገባበት ግድግዳ ጥቂት ነው። ፈቃድ ግን አልነበራቸውም። ፈተና የሚባል ነገር ሲነሳ ይቆጡ ነበር። «እኔ ስሠራ ፈታኞቹ አልተወለዱም» ይሉና ወሬውን ይቀይራሉ።

እኔ ቴክኒክና ሙያ ተማርኩ፣ የሥራ ልምዴን አስመሰከርኩ፣ ተፈተንኩ፣ ፈቃድ አወጣሁ። ፈቃዱ ደረጃ አለው። በታችኛው ደረጃ መኖሪያ ቤት ትሠራለህ፤ እንደ ወፍጮ ላለ፣ ሦስት ፌዝ ለሚፈልግ ትልቅ ማሽን ከፍ ያለው ያስፈልግሃል። ከፍ ያለውን ያገኘሁ ዕለት ጋሽ ታደሰ ከልባቸው መረቁኝ። ብዙም ሳይቆዩ ደግሞ ፊርማ ፈልገው መጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ የውስጥ መስመሩ ደህና ነው ብሎ ካልፈረመ ቆጣሪ አይገባም። ከተማው ደግሞ በአዲሶቹ ፋብሪካዎች ምክንያት አበጠ፤ በየጓሮው የኪራይ ክፍል ተሠራ፤ ሁሉም ቸኩሏል። ስለዚህ ፈቃድ የሌለው ይሠራል፣ ፈቃድ ያለው ሻይ ቤት ተቀምጦ ይፈርማል። ፈቃድ ማዋስ እንለዋለን፣ ልክ እንደ መሰላል።

ደንበኛውም መጀመሪያ የሚጠይቀው «በነጥብ ስንት ነው?» ብሎ ነው። እያንዳንዱ አምፖል፣ እያንዳንዱ ሶኬት አንድ ነጥብ ነው፤ ዕቃው በባለቤቱ ይገዛል። ክርክሩ ዋጋውን ሲያወርደው ሠራተኛው ኪሳራውን ከማይታየው ነገር ላይ ያካክሳል። አምፖል ይታያል። ኧርዝ አይታይም። ኧርዝ ማለት ከማሽኑ አካል ጋር ተያይዞ መሬት ውስጥ የሚቀበር የመዳብ ዘንግ ነው። መብራት ወደ ብረቱ ካፈተለከ ሰው ከመያዙ በፊት መሬት ይወስደዋል፣ ማቋረጫውም ይወድቃል። ስለዚህ እኔ ለማንም ስፈርም ቦታው ድረስ ሄጄ፣ ዘንጉን በእጄ ነቅንቄ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ደረቅ ይለኛል። ደረቅ ነኝ።

ዘሃራ ወፍጮዋን የተከለችው ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ያላትን ሁሉ ያፈሰሰችው እዚያ ላይ ነው። የአካባቢው ሴቶች እህል ተሸክመው ዳገቱን ይወጡ ነበር፤ ወፍጮው ከሠራ ያ ሁሉ ይቀራል። ሥራውን የሠሩላት ጋሽ ታደሰ ናቸው። እኔን የወሰዱኝ ለፊርማው ነበር። በመንገድ ላይ በጣም ደስ ብሏቸው ይጫወቱ ነበር።

ስንደርስ የመብራት መስመር የሚያገናኘው ቡድን ቀድሞን መጥቶ መኪናውን አቁሟል። ጉም ስለነበር ቆርቆሮው ይንጠባጠባል፤ የወፍጮው ቤት ወለል እርጥብ ነው። የቡድኑ መሪ ጨዋ ሰው ነው። ፊርማ ካየ እንደሚያገናኝ፣ ካላየ ወደ ታች ቀበሌ ወርዶ ሌላ ሥራውን እንደሚጨርስ ነገረን። ዝናቡ ሊገባ ስለሆነ ከዛሬ ካለፈ መኪናው ይህን መንገድ የሚደፍረው ከክረምት በኋላ ነው አለን። ዘሃራ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

የማከፋፈያ ሳጥኑን ከፈትኩ። እንደ ጋሽ ታደሰ ሥራ ሁሉ ያምራል። ወደ ውጪ ወጥቼ የኧርዙን ጫፍ ያዝኩና ነቀነቅኩት። ተወዛወዘ። ሳብ ሳደርገው ያለምንም ትግል ወጣ። የሰው ቁመት ያህል መሆን የነበረበት ዘንግ ክንድ የምታህል ነበረች። በመጋዝ የተቆረጠው ጫፍ ገና ያብለጨልጫል።

ጋሽ ታደሰ አጠገቤ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሥሩ ቋጥኝ መሆኑን፣ መዶሻው እስኪሰበር መታገላቸውን፣ ደንበኛዋ ደግሞ በየቀኑ መቼ ያልቃል እንደምትላቸው ነገሩኝ። ውሸት አልነበረም። ያ አገር ሥሩ ድንጋይ ነው።

«ጋሼ፣ አልፈርምም» አልኳቸው።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን አይደለም። ይህን ነው» ብዬ ዘንጉን አሳየኋቸው። ከእሳቸው ፊት ቆሜ እንዲህ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ አፈርኩ፤ ተናደድኩም።

ዘሃራ ሰምታ መጣች። እንድፈርምላት ለመነችኝ። ክረምቱን በምን ልለፈው አለችኝ፤ አደጋ ቢመጣም የሚመጣው በእኔ ላይ ነው፣ አንተን ማን ይጠይቅሃል አለች። የቡድኑ መሪ ሰዓቱን ያያል። ለአፍታ ያህል እስክሪብቶዬን ከኪሴ ማውጣቴን አልደብቅም።

በዚህ መሃል ጋሽ ታደሰ ወደ ውስጥ ገቡ። እሳቸው ሥራ ሲያስረክቡ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ መብራቱ ሲለቀቅ የማሽኑን ብረት በባዶ እጃቸው ይይዛሉ። ደንበኛ ያንን ሲያይ ልቡ ያርፋል። አሁንም ማሽኑ አጠገብ ከነበረች፣ መብራት ከማታሳልፍ ደረቅ ጣውላ ላይ ወጡና እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። «ይኸው ይዤዋለሁ። ልቀቁት፤ ደህና መሆኑን እዩ» አሉ። ሞተሩ አዲስ አልነበረም፤ ተቃጥሎ ሽቦው ደብረ ብርሃን ውስጥ እንደገና የተጠቀለለ ነው፤ እንዲህ ያለው መብራት ወደ ብረቱ ሊያፈተልክ ይችላል። ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ዘሃራ ጣውላዋን አየች። ቀጥላ የራሷን እግር፣ ተቀድዶ ውሃ የሚያስገባውን የፕላስቲክ ጫማዋንና እርጥቡን ወለል አየች።

«ጋሽ ታደሰ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ጫማዎን ያውልቁና ከጣውላው ይውረዱ። ወላሂ እኔ ቀኑን ሙሉ የምቆመው እዚህ ላይ ነው።»

ጋሽ ታደሰ አልወረዱም። እጃቸው ግን ከብረቱ ላይ ተነሳ።

ዘሃራ ወደ ቡድኑ መሪ ዞራ እንዳያገናኙ ነገረችው። እሱም ታች ቀበሌ ያለውን ሥራ ጨርሶ ሲመለስ እንደሚያቆም፣ አልቆ ካገኘው እንደሚያገናኝ፣ ከዚያ በላይ ግን እንደማይችል ነግሮን ሄደ።

ቋጥኝ የሌለበት ቦታ ፍለጋ ገባን። መዶሻውን በሰነዘርን ቁጥር ይነጥራል። ከወፍጮው ወረድ ብሎ በበጋም ሣር የማይደርቅበት ሥፍራ እንዳለ ዘሃራ አሳየችን። ዘሃራ ከገዛቻቸው ሁለት ዘንጎች ያልተቆረጠው እዚያ መግባት ጀመረ፤ ግን ከማሽኑ ይርቃል፣ የያዝነው የመዳብ ሽቦ አይደርስም። ጋሽ ታደሰ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ለሌላ ደንበኛ ሥራ የገዙትን አዲስ ጥቅል አውጥተው መዘርጋት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ መዶሻውን ለማንም አልሰጡም። ላባቸው በአገጫቸው ይወርዳል። እኔ ሽቦው የሚቀበርበትን ቦይ እቆፍራለሁ፣ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነው።

የመኪናው ድምፅ ከታች ሲሰማ የመጨረሻውን ማሰሪያ እያጠበቅን ነበር። የኧርዙን ብቃት በሚያሳየው መለኪያዬ ለካሁ። ጥሩ ነው። እርግጠኛ ስላልሆንኩ ደግሜ ለካሁ። መኪናው ቆመ፤ መሪው ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ወረቀቱን የመኪናው ሞተር ክዳን ላይ አድርጌ ፈረምኩ። አገናኙት። ወፍጮው አጓርቶ ሲነሳ ዘሃራ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ተቀምጣ አለቀሰች።

በሚኒባስ ስንመለስ ጋሽ ታደሰ መስኮት ሥር ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ውጪ አዞሩ። አብቅቷል፣ ከእንግዲህ አያናግሩኝም ብዬ አሰብኩ። የአንኮበርን ዳገት ጨርሰን ሜዳው ላይ ከወጣን በኋላ ነው ወደ እኔ የዞሩት።

«ፈተናው ላይ ምን ምን ነው የሚጠይቁት?» አሉ።

የማውቀውን ሁሉ እስከ ደብረ ብርሃን ነገርኳቸው። ለፈተናው ተቀመጡ፤ በጽሑፉ ወደቁ፤ ተናደው ሁለተኛ ተቀመጡ። ዛሬ በራሳቸው ፊርማ የመኖሪያ ቤት ሥራ ያስረክባሉ። ለእኔ ግን እንደ ቀድሞው አይስቁልኝም፤ ያንንም ተቀብዬዋለሁ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ስትፈርሙ የሠራውን ሰው አትዩ፤ ማሽኑ አጠገብ የሚቆመውን ሰው እዩ።